«ፊቱ የኔ ነው፣ ገላው የኔ አይደለም»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ቀን ነርሲንግ ትማራለች፣ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ማንነቷን የሚጠቁመውን አውጥቼ፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ "ምን ጉድ ነው የማየው?" አለችኝ። የማላውቀው አካውንት በቴሌግራም ፎቶ ልኮላታል። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሐበሻ ቀሚስ ለብሼ የተነሳሁት ነው። ቀሚሱ ግን የለም። ፊቱ የኔ ነው። ሹሩባው የኔ ነው። አንገቴ ላይ ያለው ማተብ እንኳ ከነመስቀሉ አለ። ገላው ግን የኔ አይደለም። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ ተነስቼ አላውቅም። በማግስቱ ለኔም ጻፈልኝ። 800 ዶላር በዜል (በስልክ የባንክ ገንዘብ መላኪያ) ካልላክሽ ለእናትሽና ለቤተ ክርስቲያናችሁ ግሩፕ እልከዋለሁ አለ። አንድ የሐበሾች ቻናል ላይ ደግሞ ለጥፎታል፣ እስካሁን አለ። ማን እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ለጋብቻ ጠይቆኝ እምቢ ያልኩት ሰው ነው፣ የሚኖረውም እዚሁ አካባቢ ነው። ወንድሜ ከሰማ ሄዶ ይደበድበዋል። እናቴ ደም ብዛት አለባት። የጥገኝነት ጉዳዬ ስላላለቀ ፖሊስ ጋ መሄድም ፈራሁ። "ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ኤአይ ነው" ብዬ በሁሉም ቦታ ልለጥፍ አሰብኩ። ግን ማን ያምነኛል? ደግሞስ ገላው የኔ ካልሆነ፣ ሕጉ "ተበዳይዋ አንቺ ነሽ" ይለኛል?»

እህቴ፣ አዎ፣ ተበዳይዋ አንቺ ነሽ። ሕጉ በግልጽ እንደዚያ ይላል። ወደሱ እመጣለሁ። አስቀድሞ ግን ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርሽ።

ገንዘቡን አትላኪ። ከላክሽም ሁለተኛ አትላኪ። ፎቶው ያለው በሱ እጅ ነው፤ 800 ዶላሩን ተቀብሎ በማግስቱ 1,500 ቢልሽ የሚያግደው ነገር የለም። ከፈልሽ ማለት እንደምትከፍይ አወቀ ማለት ነው። «እባክህ» እያልሽ መጻፍም ይብቃሽ። አትሳደቢ፣ አትለምኚ፣ አትመልሺለት።

ግን ቻቱን እንዳታጠፊው። ብሎክም ገና አታድርጊው። ቴሌግራም ላይ ሰውዬው የላከውን መልእክት ካንቺም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ዛሬ ያየሽው ዛቻ ነገ ጠዋት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ከመጨረስሽ በፊት ብታደርጊው ደስ ይለኛል፦ ሌላ ስልክ ተበደሪና ያንቺን ስልክ ስክሪን ፎቶ አንሺው። ፎቶው ብቻ አይበቃም። ዛቻው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአካውንቱ ስም፣ ከሥሩ ያለው ዩዘርኔም፣ ገንዘቡን ላኪበት ያለሽ የዜል ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል፣ ሁሉም ይታይ። የዜሉን አድራሻ በተለይ ያዢው። የቴሌግራም ስም በደቂቃ ይቀየራል። ዜል ግን ከባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው፣ ባንክ ደግሞ የደንበኛውን ማንነት ያውቃል። ይህ ሰው ተደብቄአለሁ እያለ የራሱን አድራሻ ሰጥቶሽ ሊሆን ይችላል።

ቻናሉ ላይ ያለውንም እንዲሁ አድርጊ። የፖስቱን ሊንክ ቅጂው፣ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ቁጥር ጨምረሽ አንሺ። አክስትሽንም የደረሳትን ሳታጠፋ፣ ለማንም ሳትልክ፣ ከማን እንደመጣ የሚያሳየውን ስክሪንሹት ብቻ እንድትልክልሽ ጠይቂያት።

አሁን ወደ ሕጉ።

በጥቅምት 2023 ቴክሳስ ውስጥ አሌዶ በምትባል ከተማ ኤሊስተን ቤሪ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ስልኳ በመልእክት ተሞልቶ ነበር። አብሯት የሚማር ልጅ ከኢንስታግራም ላይ የሷንና የጓደኞቿን ፎቶ ወስዶ፣ በኤአይ ልብሳቸውን አስወልቆ፣ በስናፕቻት በትኖታል። ቤተሰቡ ፎቶው እንዲነሳ ለወራት ለመነ። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ የሴናተር ቴድ ክሩዝ ቢሮ ኩባንያውን እስኪያናግር ድረስ አልተነሳም። አንዲት ልጅ የራሷን ፊት ከእንዲህ ያለ ነገር ለማስወረድ ሴናተር ያስፈልጋታል? ይህ ጥያቄ ነው ሕግ የሆነው። ክሩዝ ከሪፐብሊካን፣ ኤሚ ክሎቡሻር ከዴሞክራት ሆነው «ቴክ ኢት ዳውን» («አውርዱት») የሚባለውን ረቂቅ አቀረቡ። የተወካዮች ምክር ቤቱ በ409 ድምፅ ለ2 አሳለፈው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሜይ 19 ቀን 2025 ፈረሙበት። በምንም የማይስማሙት ሁለቱ ፓርቲዎች በዚህ ላይ ተስማምተዋል።

ሕጉ ሁለት እጅ አለው። አንዱ የሚይዘው ሰውዬውን ነው። አንድን የሚታወቅ ሰው ያለ ፈቃዱ እርቃኑን ወይም ወሲብ ላይ አድርጎ የሚያሳይ ምስል ኢንተርኔት ላይ አውቆ ያወጣ ሰው፣ ተበዳዩ አዋቂ ከሆነ እስከ 2 ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል። ምስሉ እውነተኛም ይሁን በኮምፒዩተር የተሠራ። የተሠራ የሚባለው ደግሞ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ቢያየው ከእውነተኛው የማይለየው ዓይነት ነው። አክስትሽ አንቺን ያሳደገች ሆና ለይታ ማየት አልቻለችም። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ለማስገደድ፣ ለማስፈራራት፣ ገንዘብ ለመቀበል ወይም ሰውን ለማስጨነቅ ብሎ «አወጣዋለሁ» ማለትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለተሠራ የአዋቂ ሰው ምስል እስከ 18 ወር ያስቀጣል። ያንቺ ሰው ሁለቱንም አድርጓል። ለጥፏል፣ ዝቷልም።

ሁለተኛው እጅ ኩባንያዎቹን ይይዛል። ሰዎች የራሳቸውን ጽሑፍና ፎቶ የሚለጥፉባቸው ለሕዝብ ክፍት የሆኑ አገልግሎቶች ከሜይ 19 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀበሉበት መንገድ ሊኖራቸው ግድ ነው። ጥያቄው በትክክል ከደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለባቸው። የዚያኑ ምስል ቅጂዎችም ፈልገው ለማንሳት የሚቻላቸውን ማድረግ አለባቸው። ካላደረጉ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይጠይቃቸዋል። ጥያቄሽ ውስጥ የሚኖረው አራት ነገር ነው። ፊርማሽ አለ፣ በኮምፒዩተር የተፈረመም ይሆናል። ምስሉን የሚያገኙበት ሊንክ አለ። ያለ ፈቃድሽ እንደወጣ በቅን ልቦና የምታረጋግጪበት አጭር ቃል አለ። የምትገኚበት አድራሻም አለ። በቃ። ረጅም ታሪክ አትጻፊ። የላክሽበትን ሰዓት መዝግቢ፣ ምክንያቱም 48ቱ ሰዓት ከዚያ ነው የሚቆጠረው።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለውን አየሽ? «ምስሉ ሐሰት መሆኑን አስረጂ» የሚል የለም። የራስሽን ገላ ከዚያ ገላ ጋር አወዳድረሽ አሳዪን የሚልሽ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው «ፈቅደሻል ወይ?» ብቻ ነው።

ለዚህ ነው «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ኤአይ ነው» ብለሽ በሁሉም ቦታ እንዳትለጥፊ የምለምንሽ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመክርሽ ይሆናል። ዝም ካልሽ አምነሻል ማለት ነው ይሉሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ነገር፣ እስካሁን ያላየው መቶ ሰው ያንቺን ማስተባበያ አንብቦ «የቱ ፎቶ?» ብሎ ፍለጋ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ክርክሩን የሱ ሜዳ ላይ ነው የምትገጥሚው። ዛሬ ጣቶቹን ቁጠሩ፣ ጥላውን እዩ ብለሽ ብትከራከሪ፣ ነገ ጣቱም ጥላውም የተስተካከለ ሌላ ይሠራል። ያኔ ምን ልትዪ ነው?

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በፍቅረኛዋ ተማምና የላከችለት እውነተኛ ፎቶ የተበተነባት ሌላ እህት አለች። እሷ «እኔ አይደለሁም» ልትል አትችልም። ማህበረሰባችን ለሐሰቱ ይቅርታ፣ ለእውነተኛው ውግዘት ካዘጋጀ፣ ያቺ ልጅ የት ትግባ? የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች እዚህ ላይ ከኛ ቀድመዋል። ሁለቱንም አንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጠው አንድ ዓይነት 48 ሰዓት ሰጥተዋቸዋል። ጥፋቱ ያለው ያለ ፈቃድ በማውጣት ላይ ነውና። ሰው ሲጠይቅሽ «የተሠራ ነው» ማለት እውነት ስለሆነ መናገር ትችያለሽ። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ እለፊው። «የተሠራ ነው፣ ጉዳዩን ፖሊስ ይዞታል» በቂ ነው።

ፖሊስ ካልን፣ አንቺ ያለሽበት ቨርጂኒያ ከፌዴራሉ ሕግ ስድስት ዓመት ቀድማለች። የነበረውን ሕጓን ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አስፍታ፣ ፎቶው ተወስዶ የተቀየረበት ሰው በፊቱ ወይም በሌላ መለያው እስከታወቀ ድረስ ተበዳይ ነው ብላ ደንግጋለች። ማተብሽን አስቢው። ማሽኑ ቀሚስሽን ሲያወልቅ መስቀልሽን አንገትሽ ላይ ትቶታል። አንቺን ለማዋረድ የቀረው መስቀል አንቺነትሽን ያረጋግጥልሻል።

የቨርጂኒያው ሕግ አድራጊው ለማስገደድ፣ ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት ያሰበ መሆን አለበት ይላል። «800 ዶላር ካልላክሽ» የሚለው መልእክት ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ስክሪንሹቱን ቶሎ አንሺ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ነው። በማስፈራራት ገንዘብ መጠየቁ ደግሞ ብቻውን ከዚህ የከበደ ወንጀል ነው። በፍትሐ ብሔር ካሳ የመጠየቅ መብትም አለሽ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ አንድ ነገር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ «የቨርጂኒያ ሕግ፣ 18.2-386.2»። ዴስክ ላይ የሚቀበልሽ ፖሊስ ይህን ዓይነት ጉዳይ አይቶ ላያውቅ ይችላል። «ፎቶው የውሸት ከሆነ ምን ወንጀል አለ?» ሊልሽም ይችላል። አትከራከሪው። ወረቀቱን ስጪውና ሪፖርት እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። የሪፖርቱን ቁጥር ሳትይዢ አትውጪ። ያ ቁጥር ለኩባንያዎቹም፣ ለትምህርት ቤትሽም፣ ለአሠሪሽም ያገለግልሻል። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታምኛትን ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። በከተማችሁ አቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ተበዳዮችን የሚረዱ ሠራተኞች አሉ፣ ስለነሱም ጠይቂ። ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከልም በኦንላይን ማመልከት ትችያለሽ።

የወረቀትሽን ነገር ቀለል አድርጌ አላየውም። በዚህ ጊዜ ስደተኛ የሆነ ሰው ፖሊስ ደጃፍ ሲደርስ ልቡ ቢመታ አይፈረድበትም። ግን እወቂው፤ በቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ ወንጀል ተፈጸመብኝ ብሎ የሚያመለክትን ሰው ፖሊስ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው እንዳይጠይቅ የሚከለክል ሕግ አለ። የተወሰኑ ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉት፣ መሠረቱ ግን ይህ ነው። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ሕግ ዩ ቪዛ የሚባል አለው። የከባድ ወንጀል ተበዳይ ሆነው ከሕግ አካላት ጋር ለሚተባበሩ ስደተኞች ነው። ከሚያካትታቸው ወንጀሎች ውስጥ አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅ አለበት። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ በሱ ላይ ተስፋሽን ጣይ እያልኩሽ አይደለም። የምልሽ፣ ጉዳይሽን ለያዘው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዛሬ ደውለሽ «እንዲህ ሆኖብኛል፣ ፖሊስ ጋ ልሄድ ነው» በዪው። እሱን አማክረሽ ሂጂ። ለመቅረት ግን ምክንያት አታድርጊው።

እንዲህ ያለ ምስል እንዳይሰራጭ የሚረዳ ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII) የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ፤ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ፎቶውን ለማንም አትልኪም። ስልክሽ ላይ እንዳለ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ይወጣለታል፣ የሚላከው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም ተባባሪ ኩባንያዎች ያን አሻራ ያለው ምስል ሲመጣ ሊያግዱት ይችላሉ። ተባባሪ ያልሆኑት ጋ አይደርስም። ከስልክ ወደ ስልክ በግል የሚሄደውንም ማስቆም አይችልም። ግን አንዱን በር ዘጋሽ ማለት ነው። ያንኑ የሚመስል ለልጆች የተዘጋጀ አለ፤ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው የሚያካሂደው፣ ስሙም እንደ ሕጉ «ቴክ ኢት ዳውን» ነው።

እዚህ ላይ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች አንዴ ስሙኝ። ይህን የሚሠሩት አፖች ሙያ አይጠይቁም። በነሐሴ 2024 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አቃቤ ሕግ ዴቪድ ቹ 16 እንዲህ ያሉ ድረ ገጾችን ሲከስ፣ በ6 ወር ብቻ ከ200 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎብኝተዋል ብሏል። ልጃችሁ ተበዳይ ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ አድራጊም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለማሰብ ይከብደናል እንጂ። ወንዶች ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ አስቀምጣችሁ አናግሯቸው። ምስሉ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅን የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ለማስረጃ ብላችሁም ቢሆን ቅጂ አታስቀምጡ፣ ለማንም አትላኩ። በቀጥታ ለፖሊስና ለማዕከሉ አመልክቱ።

እህቴ፣ ወደ እናትሽ እንመለስ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራሽ እሷ እንደሆነች ደብዳቤሽ ያስታውቃል። ደም ብዛቷን ሰበብ አድርገሽ ብትደብቂያትም፣ ሰውዬው እልክላታለሁ ብሎሻል። ምርጫሽ እናቴ ትስማ ወይስ አትስማ አይደለም። ካንቺ ትስማ ወይስ ከሱ ነው። ካንቺ ከሰማች ዛቻው ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ 800 ዶላሩን የሚያስከፍለው የሷ አለማወቅ ነውና።

ቀን ላይ ንገሪያት፣ መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ፣ እንግዳ በሌለበት። የምትወዳት እህቷ ወይም የነፍስ አባቷ አጠገቧ ቢኖሩም ጥሩ ነው፣ አስቀድመሽ ከነገርሻቸው። ፎቶውን አታሳያት። ቃሉ ከጠፋሽ ይህን ውሰጂ፦ «እማዬ፣ አንድ ሰው የሠርጉን ፎቶዬን ሰርቆ በኮምፒዩተር እርቃን አድርጎ ሠርቶታል። ገንዘብ ስጪኝ እያለ ያስፈራራኛል። ወንጀል ነው፣ ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ላንቺም ሊልክልሽ ይችላል። ከመጣ አትክፈቺው፣ ለማንም አትላኪው፣ ለኔ ንገሪኝ።» እዚያ ላይ አቁሚ። ታልቅስ። «ምን አድርገሽው ነው?» ብላ ብትጠይቅሽ አትቀየሚያት፤ ድንጋጤ ነው የሚያናግራት። «ጋብቻውን እምቢ አልኩት» በያት።

ወንድምሽም ይስማ፣ ግን ሥራ ሰጥተሽው። ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስሽ እሱ ይሁን። ስክሪንሹቶቹን በፍላሽ የሚያስቀምጥልሽ እሱ ይሁን። አንድ ጥፊ ቢመታው ተከሳሹ ወንድምሽ፣ ተበዳዩ ሰውዬው ይሆናል። ይህን በግልጽ ንገሪው። በሌላ በኩል የምትጠረጥሪውን ሰው ስም ለፖሊስ ብቻ ስጪ። ፌስቡክ ላይ አታውጪው። ጥርጣሬ ነው ያለሽ፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ይሆናል። ስሙን ብታወጪ ሰውዬው ንጹሕ ከሆነ በደልሽው፣ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ማስረጃውን እንዲያጠፋ አስጠነቀቅሽው።

ሽማግሌ የሚመጣ ይመስለኛል። ሰውዬው ጉዳዩን ፖሊስ እንደያዘው ሲሰማ፣ ወይም ቤተሰቡ ሲሰማ፣ ሦስት የተከበሩ አባቶች ሳሎናችሁ ይቀመጣሉ። «ልጅ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው፣ እዚህ አገር እስር ቤት ከገባ ወረቀቱም ይበላሻል፣ በእርቅ ይለቅ» ይላሉ። ሽምግልናን እወዳለሁ። ብዙ ትዳር አትርፏል፣ ብዙ ደም አድርቋል። ለዚህ ግን ጊዜው አሁን አይደለም። ምስሉ ገና ከቻናሉ ሳይወርድ፣ ቅጂው ስንት ሰው እጅ እንዳለ ሳይታወቅ፣ ምን ላይ ነው የሚታረቁት? እናትሽ ለሽማግሌዎቹ ቡና ታፍላላቸው፣ ታክብራቸው፣ «ጉዳዩ በሕግ ተይዟል» ብላ ትሸኛቸው። አቤቱታ አንሱልን ካሉ መልሱ አይሆንም ነው። በርግጥ ሊረዱሽ ከፈለጉ የሚሠሩት አለ። የቻናሉን አድሚን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዛሬውኑ ደውለው ያስወርዱ።

የቤተ ክርስቲያኑን ግሩፕ አድሚንም ቀድመሽ አናግሪ፣ ወይም እናትሽ ታናግር። ግሩፑ የሚፈቅድ ከሆነ ማንም ሰው ሳያይ መልእክቶችን እየመረመረ እንዲያስገባ፣ አዲስ የሚገባ አካውንትን እንዲያግድ ይጠየቅ። እዚያ ያሉ ብዙ ሰዎች «ኧረ ይሄን ጉድ እዩ፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ» እያሉ በቅንነት መስሏቸው ያስተላልፋሉ። እያዘኑ መላክም መላክ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ምስሉን አውቆ ያወጣ ሰው ይላል፤ መጀመሪያ የሠራው ሰው ብቻ አይልም። ጉዳት ለማድረስ ባያስብም እንኳ ጉዳት ካደረሰ ሊያስጠይቀው ይችላል። ይህን አድሚኑ ግሩፑ ላይ ይጻፈው፣ ያንቺን ስም ሳያነሳ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያሰራጨው ሰው ካለ፣ አክስትሽ እዚያው ማመልከት ትችላለች። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ። በጽሑፍ፣ በቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በማናቸውም ሌላ ምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን ይቀጣል። የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨትንም ይቀጣል፤ ይህኛው የተበዳዩን አቤቱታ ይጠይቃል። አዋጁ ሲወጣ ዲፕፌክ (በኤአይ የተሠራ ሐሰተኛ ምስል) የሚባል ነገር በሰው አፍ ስላልነበረ በስም አይጠራውም። «ማናቸውም ሌላ ምስል» የሚለው ቃል ግን ሰፊ ነው። እኔ አገር ቤት ያለው ሕግ ይህን በስሙ ጠርቶ፣ ለኩባንያዎቹም ሰዓት ቆርጦ ቢደነግግ እመኛለሁ። እስከዚያው ያለውን መጠቀም ነው።

ሕጉ ሁሉን አይፈታልሽም፤ አልዋሽሽም። 48 ሰዓቱ አልፎ መልስ የማይሰጥ ኩባንያ ሊኖር ይችላል። ያኔ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤቱታ በይ፣ የላክሽበትን ሰዓት አያይዘሽ። አንዱ ጋ ወርዶ ሌላው ጋ ሊወጣም ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ወስነሽ የምትፈልግልሽ ጓደኛ ይኑርሽ። አንቺ ራስሽ ሌሊት ሌሊት እየፈለግሽ አትደሪ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ 988 ደውዪ ወይም ቴክስት አድርጊ። ሃያ አራት ሰዓት ሰው አለ።

ትምህርት ቤትሽንና ሥራሽን በተመለከተ፣ አስቀድመሽ ለሁሉም መንገር የለብሽም። የሪፖርት ቁጥሩን ይዘሽ ለአንድ ኃላፊ ብቻ ማሳወቅ ግን ይጠቅምሻል። ፎቶው ቢደርሳቸው ምን እንደሆነ አውቀው ይጠብቁሻል።

በመጨረሻ ኢንስታግራምሽን ልዝጋው ብለሽም ጠይቀሽኝ ነበር፤ ሳሳጥር ቀርቶ ነው። መዝጋት ከፈለግሽ ዝጊ፣ ለጊዜው ለሰው እንዳይታይ ማድረግም ይበቃል። ግን የሠርጉን ፎቶ እንዳታጠፊው። ሐበሻ ቀሚስሽን ለብሰሽ የተነሳሽውን ኦርጂናል ከነቀኑ አውርደሽ አስቀምጪ። የፊትሽ አቅጣጫ፣ የሹሩባሽ አወራረድ፣ የማተብሽ አቀማመጥ ከሐሰተኛው ጋር አንድ ነው። መርማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከየት እንደተሰረቀ ያያል። ሰውዬው ያንን ፎቶ ከየት እንዳገኘው፣ የማን ገጽ ላይ እንደነበረና ማን ሊያየው ይችል እንደነበርም መጠየቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የአጎትሽን ልጅ ደውለሽ ፎቶውን ማን ማን ጋ እንደላከችው ጠይቂያት፣ ዝርዝሩንም ለመርማሪው ስጪ።